ገመዱን የሚለቀው

ያሳሰረኝ መጽሐፍ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ አካባቢ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግላይደር የሚባል አውሮፕላን ስላበረሩ ወታደሮች የሚተርክ። አዲስ አበባ ኤርፖርት ፈታሹ ሲገልጠው የማረፊያ ካርታዎቹ ላይ ቆመ። ሻንጣ እንጂ መጽሐፍ የሚገልጥ ፈታሽ አይገጥመኝም ብዬ ነበር።

የታሰርኩበት ክፍል ስድስት እርምጃ በአራት ነው፤ አስራ ዘጠኝ ሰው፣ ጥግ ላይ አንድ ባልዲ።

መርማሪው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"መጽሐፉ ለማን ነው?"

ለአጎቴ ነበር። በደርግ ጊዜ የአየር ኃይል መካኒክ የነበሩ፣ ዛሬ ስኳር የሚያሰቃያቸው ሽማግሌ። ስማቸውን ብጠራ በማግስቱ ከጎኔ ይተኛሉ።

"እስከ ነገ አስብበት። ስሙን ጽፈህ ፈርም፣ ፓስፖርትህን ይዘህ ሂድ።"

በክፍሉ ደንብ አዲስ ገቢ የታሰረበትን ነገር ቆሞ ይናገራል። "ዲያስፖራው፣ ተነስ!" አለ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ። ተናገርኩ። ግላይደር ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ ነው፤ ሌላ አውሮፕላን በገመድ ይጎትተዋል። ከጠላት ወረዳ በላይ ሲደርስ ገመዱ ይለቀቃል። ዞሮ እንደገና መሞከር የለም፤ ያገኘው ማሳ ላይ ይወርዳል።

"ሞተር የለውም? ታዲያ መንግሥት የምትገለብጠው ጎትተህ ነው?" አለ ካቦው።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን በሩ ላይ ነበር።

ከባልዲው አጠገብ የሚተኙት ጡረተኛ መምህር አልሳቁም።

"ገመዱን የሚለቀው ማነው? ጎታቹ ነው ተጎታቹ?"

"አብዛኛውን ጊዜ ተጎታቹ ራሱ ነው፣ መምህር።"

"እጁ አይንቀጠቀጥም?"

"መጽሐፉ ስለሱ አይልም።"

"ይንቀጠቀጣል" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጠዋት ወረቀቱ ቀረበልኝ። "መጽሐፉ የእኔ ነው። የገዛሁት ላነበው ነው" ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹ እንደ ሰካራም ተንጋደዋል። ፈረምኩ። መርማሪው አንብቦ "መቆየት ፈልገሃል ማለት ነው" አለኝ። ሃያ ስድስት ቀን ቆየሁ።

እዚህ ሎስ አንጀለስ ሰዎች ስለ ድፍረቴ ሲጠይቁኝ ስለ እጅ ጽሑፌ እነግራቸዋለሁ። ቅር ይላቸዋል።

አጎቴ ምንም አያውቁም። ባለፈው እሁድ ፌርፋክስ ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ በቫይበር ደወሉ።

"መጽሐፌስ?"

"ረሳሁት፣ ጋሼ።"

"አንተ ድሮም ቃል አታከብርም። አሜሪካ ደግሞ ጨርሶ አበላሸህ!"

"እውነትዎን ነው" አልኳቸው።