ባሌን በገዛ እጁ ያስጠፋሁት እርሻ

ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርሁም። ለልጄ አልተናገርሁም፤ ለወንድሜም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግራቸው ደግሞ በደሉን የሠራሁት በእሳቸው ስም ነው። ስለዚህ እናንተ የማላውቃችሁ ስሙኝ። ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ጌታሁን ካረፈ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እጄ ቀስ እያለ ስለሚጽፍ ታገሡኝ።

ከሚያስቀው ልጀምር። ካለፈው ፍልሰታ ወዲህ በስድሳ ሦስት ዓመቴ የኮምፒውተር ጌም እጫወታለሁ። ላፕቶፑ የጌታሁን ነው። ልብ ድካም ይዞት ቤት ሲውል ልጃችን ማርታ ከአዲስ አበባ የላከችለት ነው። የትኛውን ቁልፍ እንደምጫን በስልክ እሷ ነገረችኝ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለች። ጊዜ ማሳለፊያ ነው አልኋት። ይህም ውሸት ነው።

ሦስት ጨዋታዎች አሉበት። አንደኛው የጭነት መኪና መንዳት ነው። መንገዱ የፈረንጅ አገር ነው፤ ሁልጊዜም ይዘንባል። የመጀመሪያ ቀን ከግቢው ሳልወጣ ግንብ ገጨሁ፤ አሁን እስከሚቀጥለው ከተማ እደርሳለሁ። መንገዱ ላይ በግ የለም፣ ጋሪ የለም፣ ባጃጅ የለም። ሰው ብቻውን ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ እንዲውል የተሠራ ይመስለኛል። ጌታሁን ብዙም አልወደደውም፤ «ረዳት የሌለው መኪና ምን ይጣፍጣል?» ይል ነበር። ሁለተኛው የወታደር ነው። ከፈትሁት፣ ተኩሱን ሰማሁ፣ ዘጋሁት። በዛሬ ጊዜ እኛ አገር ተኩስ ለመስማት ኮምፒውተር መክፈት አያሻም።

ሦስተኛው እርሻው ነው።

ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ በሐይቅ ዳር ትንሽ መሬት ይሰጠዋል። መሬቱ ድንጋይና አረም ነው። ይመነጥራል፣ ይቆፍራል፣ ዘር ይዘራል፣ ከሐይቁ ውኃ እየቀዳ ያጠጣል፤ ሲደክመው ዓሣ ያጠምዳል። ሲመሽ ገብቶ ካልተኛ የዋለበት ሁሉ አይቀመጥም፤ ሳይተኛ ከዘጉት ያ ቀን እንዳልነበረ ይሆናል። ቀላል መስሎኝ ነበር። ቀላል አይደለም። አንዲት መደብ ጎመን እስክትደርስ ስንት ጊዜ ውኃ እንዳመላለስሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ወር ተጫውቼ ዛሬ ያለኝ ስድስት መደብ ጎመን፣ አራት ዶሮና ግማሹ የፈረሰ አጥር ነው። ጌታሁን ሦስት ዓመት ለፍቶበታል። እሱ ምን ነበረው? አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁለትም።

ይጠራኝ ነበር። የየኔታ ልጅ ስለሆንሁና አስተማሪም ስለሆንሁ ሲያሾፍብኝ «የኔታ» ነበር የሚለኝ። «የኔታ፣ ነይ እይልኝ! እምቦጩን ነቅዬ ጨረስኩ!» በጨዋታው ሐይቅ ዳር የሚበቅለውን አረም እምቦጭ ብሎታል። «የኔታ፣ ዓሣ ያዝኩ፤ የጣና ቆሮሶ ግን አይደለም፣ ፈረንጅ ነው!» እኔ ከጓዳ «እጄ ሊጥ ነው» እል ነበር። እጄ ሁልጊዜ ሊጥ ነበር? ሦስት ዓመት ሙሉ?

አፍርበት ነበር። እውነቱ ይኸው ነው። አባቴ ከጣና ደብሮች ባንዱ የድጓ መምህር ነበሩ። ታላቁ ወንድሜ መሪጌታ ነው። ጌታሁን ከናዝሬት ለፋብሪካ መካኒክነት የመጣ ሰው ነበር፤ ስንጋባም በማዘጋጃ ቤት ነው፣ በቁርባን አይደለም። ቤተ ዘመዶቼ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ «ያ የፋብሪካው ሰውዬ» ሲሉት ኖረዋል። አንድ ሰንበት ወንድሜ ዘንዘልማ ወዳለው ቤታችን መጥቶ ጌታሁን ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረ አገኘው።

«ስድሳ አምስት ዓመት ሞልቶት የማትበላ ዶሮ የሚያረባ ሰው ዛሬ አየሁ» አለ።

ጌታሁን ቀና ሳይል «የማትበላ ዶሮ ለጾም ትስማማለች፣ መሪጌታ» አለው።

ወንድሜ ራሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

በዚያ ዓመት ሕመሙ ጸናበት። እንቁረብ አልሁት። ሁለታችንም አንድ ላይ ሥጋ ወደሙ እንቀበል፣ ትዳራችን በቁርባን ይጽና አልሁት። «ካንቺ ጋር ከሆነ እሺ» አለኝ። የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል ናቸው፤ የዘጌ መነኩሴ ናቸው። በጀልባ ተሻግረው፣ ከወደቡ በባጃጅ መጥተው ይጠይቁን ነበር። ጌታሁንን ይወዱታል። አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እርሻውን ሲያዩለት ይውሉ ነበር። «እኛ ዘጌ በበሬ ማረስ ግዝት ነው፤ እንግዲህ ባንተ እርሻ እካሳለሁ» ይሉት ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «ጎመኑን ከውኃው አጠጋው እንጂ ጌታሁን፣ ምን ያመላልስሃል?» ሲሉት ከጓዳ ሰማሁ። «እርስዎ ካሉ እሺ አባ» አለና አዛወረው።

ንስሐ የገባን ዕለት ለየብቻ አናዘዙን። ለእሱ የሰጡት ቀኖና ቀላል ነበር፤ ልቡ ስግደት ስለማይችል ጸሎት ብቻ። ከዚያ እስከ ውጭው በር ሸኘኋቸው። እዚያ ቆሜ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ያ ጨዋታ ለቆራቢ ይገባል?»

ሳቁ። «ልጄ፣ ጎመን መትከልና ዓሣ ማጥመድ እኮ ነው። ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ተይው ይጫወት፤ ጭንቀቱን ያስረሳዋል» አሉኝ። ባጃጁ ላይ ወጡና ሄዱ።

ከውጭው በር እስከ ቤታችን ደጃፍ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ኋላ ቆጥሬዋለሁ። በአሥራ አራት እርምጃ ውስጥ የሰማሁትን ገለበጥሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። እኔ ነኝ። ወንድሞቼ ለቁርባኑ ሲመጡ፣ ነጭ ለብሰው ቤቴ ሲቀመጡ፣ ያ የዶሮ ጩኸት ከመኝታ ቤት እንዳይሰማ ነው የፈለግሁት። እኔ ብለምነው ይስቅብኛል። የአባን ቃል ግን አይጥልም። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ገባሁ።

«አባ ጨዋታውን ይተው ብለዋል» አልሁት። «ከቀኖናህ ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እሳቸው አሉ?»

«አሉ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ፊት አላሉም?»

«አፍረው ነው» አልሁት።

ሌላውን ሁሉ እርሱት፤ ይህችን አትርሱብኝ። አፍረው ነው አልሁት። ጨዋታውን ብቻ ብነጥቀው ባልከፋ ነበር። ፊቱ እየሳቁ ከኋላው የሚፈርዱበት ሰው አድርጌ ሰጠሁት እሳቸውን።

«የጎመኑን ቦታ የመረጡልኝ እኮ እሳቸው ናቸው» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ ላፕቶፑን ሳበው። ዶሮዎቹን አስገባ፤ አንድ በአንድ ሲጮኹ ይሰማኛል። ላሞቹንም አስገባ። አንዷን ላም «የኔታ» ብሎ ሰይሟት፣ ስትታለብ ትቆጣለች እያለ ሲስቅ ተቀይሜው ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ፊቴን ወደ ውጭ አድርጌ ቆሜያለሁ። ያን ቀን እንኳ አላየሁለትም።

«ላጥፋው ስል እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል» አለኝ። «ምን ልበለው የኔታ?»

«አዎ በለው» አልሁት።

ሙዚቃው ቆመ።

ግንቦት ላይ ቆረብን። ወንድሞቼ መጡ። እልልታ ነበር። ደስ አለኝ፤ ደስ ብሎኝ እንደነበር መደበቅ አልፈልግም። በሳምንቱ አባ ሊጠይቁን መጡና በርጩማቸውን ሳቡ።

«እህ ጌታሁን፣ ጎመናችን ደረሰ?» አሉት በሳቅ።

ያሾፉበት መሰለው። ፊቱ ላይ አየሁት። «አልቋል አባ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። አባ ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ምን አደረግሁ? ውኃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ሲመጡ እንቅልፍ የወሰደው ያስመስላል። እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጸሎት ያደርሱና ይሄዳሉ። ክረምቱን ሙሉ፣ በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ማዕበል ከዘጌ እየተሻገሩ የተዘጋ ዓይን አይተው ተመለሱ። እኔም በየጊዜው እስከ በሩ ሸኘኋቸው። በየጊዜው አሥራ አራት እርምጃ ነበረኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ትንፋሹ ሲያጥር አየሁ። «አባን ልጥራ?» አልሁት።

«ተያቸው» አለ። «ለኔ የሚሉትን ላንቺ ይንገሩሽ።»

በነገር ተናግሮኝ አያውቅም ነበር። አራት ሰዓት ላይ አረፈ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እጁን ይዤ ተቀምጫለሁ። «ዋሽቼህ ነው፤ እሳቸው ይጫወት ነው ያሉት» ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈልጋል? አላልሁም። በመጨረሻ ሰዓቱ የሚናዘዘው ነበረው? አላውቅም። ቢኖረው ግን የሚሰማውን ሰው ነጥቄዋለሁ። ለነፍሱ ብዬ አስቆረብሁት ስል፣ ሳይናዘዝ እንዲሞት ያደረግሁት እኔ ነኝ።

አባ ፍትሐቱን አደረሱ። በአርባው ከሰው ለይተው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ልጄ፣ ጌታሁንን ምን በደልሁት?» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። እሳቸው፣ ምንም ያልበደሉት ሰው።

«ሕመሙ ነው አባ» አልኋቸው።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ባለፈው ነሐሴ ላፕቶፑን ከፈትሁ። እርሻው ሦስት ማስቀመጫ አለው፤ ሦስቱም ባዶ ነበሩ። እንደገና ልሥራው ብዬ ተነሣሁ። የእሱን ልመልስ ብዬ። ጎመኑ ከውኃው አጠገብ እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን በየትኛው በኩል? የዶሮው ቤት የት ነበር? ላሞቹ ስንት ነበሩ? በየምሳው የሁሉንም ስም ይነግረኝ ነበር። የማስታውሰው ያቺን የተቀየምሁባትን ላም ብቻ ነው። ዘራሁ፣ አፈረስሁ፣ አዛወርሁ። ሁሉም የእኔ እርሻ ነው የሚሆነው። አንዳንድ ቀን ሰውዬውን ሐይቁ ዳር አቆመውና ምንም ሳላሠራው አያለሁ። ደስ የሚል ጨዋታ ነው። ቢያዩት የሚያሳፍር ምንም ነገር የለበትም። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃኝ ነበር።

ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አፈር ውስጥ ነው። ሁለተኛው ትናንት ከሰዓት ደወሉ። እርጅና ተጭኗቸዋል፤ ድምፃቸው ይቆራረጣል። ለሙት ዓመቱ እንደምንም ተሻግሬ እመጣለሁ አሉኝ። ከጀርባቸው የሐይቁ ነፋስ ይሰማኛል።

«ልጄ» አሉ፣ «እኔም መሄጃዬ ደርሷል። ሳልሄድ አንዲት ነገር ብቻ ንገሪኝ። ምን ብበድለው ነው ፊቱን ያዞረብኝ?»

ይህ ወረቀት ፊቴ ነበር። «አፍረው ነው አልሁት» እስከሚለው ድረስ ጽፌ ጨርሻለሁ። ቀለሙ አልደረቀም። ማንበብ ብቻ ነበረብኝ።

«ሕመሙ ነው አባ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ፤ አንቺስ የምትችይውን ሁሉ አድርገሽለታል» አሉኝ።

«አሜን» አልሁ።