በወይራው የሚገባው ልጄ

ጓሯችን በዕድሜ ከልጆቼ የሚበልጡ ዛፎች አሉት፤ ሎሚው፣ ዘይቱኑ፣ ከሁሉም በላይ ወይራው። የመቐለ ሰው አውሊዕ ይለዋል። እኔ ከወሎ ተድሬ ስመጣም ነበረ። ባለቤቴ አጥሩን ሲያሠራ ድንጋዩን በዛፉ ዙሪያ አዞረው እንጂ አልነካውም። ፊደል የለየሁትም እሱ ሥር ነው፤ ትልቋ ልጄ ስታጠና እኔ አጠገቧ ስፌት እሰፋ ነበር። ተምሬ አይደለም፤ ጆሮዬ ከስፌቱ እያመለጠ ነው።

አንዱ ቅርንጫፍ አጥሩን አልፎ ወደ ኋላው መንገድ ይወጣል። የመጨረሻው ልጄ ከእንዳ ኢየሱስ ሰፈር፣ ከጓደኞቹ ዘንድ አምሽቶ ሲመጣ አባቱ በሩን ቀርቅሮ ይጠብቀዋል። እሱ ምን ቸገረው፣ ድንጋዩን ረግጦ ቅርንጫፉን ይይዝና ዱብ። ሲነጋ ባለቤቴ፣ «ለመሆኑ ያን በር ያሠራሁት ለማን ነው?» ይላል። ልጁ ቁርሱን ይበላል። እጁ የሚያርፍበት ቦታ ልሙጥ ሆኖ ነበር። እኔ እንኳ አንዳንዴ ቀና ብዬ አየው ነበር።

ልጁ በጦርነቱ ሄደ። ሞተ ብሎ ያረዳን የለም፤ አለ ያለንም የለም። ጎረቤቱ ሁሉ ልቅሶ ሲቀመጥ እኛ ድንኳን አልተከልንም፤ ምን ብለን እንትከል? ኋላ ባለቤቴ በሕመም ዐረፈ።

አሁን ትልቋ ልጄና ባሏ ጓሮውን እናሳምረው አሉ። አማቼ ደግ ሰው ነው። ኖራ በትኖ መሬቱ ላይ አሳየኝ፤ እዚህ ድንጋይ ይነጠፋል፣ እዚያ ሣር፣ ሎሚው ሥር ለእኔ መቀመጫ። ዘይቱኑ ይከረከማል። የወይራው ቅርንጫፍ ይቆረጥና አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋል፤ ሌባ በዝቷል አለ። እውነቱን ነው፣ ሰፈራችን ያልተሰረቀ ቤት የለም። ሌላውን እንዳሻችሁ አድርጉ፣ ቅርንጫፉን ብቻ ተዉልኝ አልኩ። ልጄ ምክንያቴን ታውቃለች፤ አንገቷን ደፋች። አማቼም እንተወዋለን አለ።

አንድ ማለዳ ለኪዳን ልወጣ ነጠላዬን ስፈልግ ከጓሮ ዱብ ሲል ሰማሁ። ያ ድምፅ ነው። የሚያመኝን ጉልበቴን ረሳሁት። በሩን ከፍቼ፣ «መጣህ፣ ወደይ፣ ልጄ? አባትህ የለም፤ ግባ፣ አትፍራ» አልኩ።

አንድ ከሲታ ጎልማሳ ከገመዱ ላይ ብርድ ልብሳችንን ያወርዳል። አየኝ። ብርድ ልብሱን መልሶ ሰቀለው።

«ይቅርታ፣ አደይ» አለኝ፤ እናቴ እንደማለት።

በመጣበት ወጣ። ሲወጣ እጁን የት እንዳሳረፈ አየሁ፤ እዚያው፣ ልሙጡ ላይ። እኔ የልጄ እጅ ነው ስል የከረምኩት ቦታ ለስንት ሌላ እጅ እንደ ለሰለሰ ማን ያውቃል? ዛፍ ምን ያውቃል፣ የያዘውን ሁሉ ያወጣል፣ ያወርዳል።

ለቀናት ኪዳን አልሄድኩም። ከዚያ ምሳ እየበላን፣ «ቁረጡት» አልኩ።

«እማዬ፣ እንተወዋለን ብለን የለ?»

«ቁረጡት። ሽቦውንም ዘርጉት።»

ልጄ የጎረሰችውን ሳትውጥ አለቀሰች። መርዶ ሲነግሯት እንዲህ ነው የምታለቅስ። እንግዲህ እስከዚያ ቀን ያረዳን አልነበረም፤ ያረዳኋት እኔ ሆንኩ።

ጓሮው አምሯል። የመጣ ሰው ሁሉ ያደንቃል፣ ሣሩንም ድንጋዩንም። አማቼ መቀመጫዬን ወይራውን እንዳይ ብሎ ወደ አጥሩ አዙሮ ሠራልኝ፤ እኔ ግን ጎኔን ሰጥቼው ነው የምቀመጥ። ቢመጣ በበሩ ይገባል ይሉኛል፣ ሊያጽናኑኝ። እኔም እሺ እላለሁ። ያ ልጅ በር ማንኳኳት አያውቅም።