ሁሉም የራሱን ይሰብስብ

ወንድሜ የሚጠጣው ከአምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ በተዘጋ የእህል መጋዘን ግድግዳ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ በፊት ጊንጪ ኬሚስትሪ ያስተምር ነበር። መጠጥ ለምን እንደ ጀመረ የሚጠይቁኝ ሰዎች አንድ ምክንያት ይጠብቃሉ፤ ወይ ሚስት፣ ወይ ሥራ፣ ወይ ፖለቲካ። ሦስቱም ደርሰውበታል። ሦስቱም ደርሰውባቸው ያልጠጡ ሰዎች ግን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምክንያት መስጠት ካቆምሁ ቆይቻለሁ።

ግድግዳው ሥር አምስት ስድስት ሆነው ይቀመጡ ነበር። አረቄው አንድ ጠርሙስ፣ መለኪያውም አንድ ነው፤ መለኪያዋ ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ ያልደረሰው ተራውን እየጠበቀ ያወራል። ሦስት ወጣቶች ጥግ ይዘው ሲቆሙ ፓትሮል ይመጣባቸው በነበሩት ክፉ ዓመታት እንኳ ያ ጉባኤ አልተበተነም። ሰካራምን እንደ ተሰብሳቢ የሚቆጥር መንግሥት እስካሁን አላየሁም።

ነገሩ የተለወጠው ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ የሚሉት አሠራር ቀበሌያችን ሲደርስ ነው። የተመደበልን ሳጅን ወጣትና ጨዋ ነበር፤ ቤት ለቤት ሲዞር ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።

«ዶክተር፣ ከእርስዎ ብዙ እንጠብቃለን» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ስለማስተምር የቀበሌ ሰው ሁሉ ከእኔ ብዙ ይጠብቃል።

«ምን?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ አሰበና «ትብብር» አለ።

ትብብሩ ምን እንደ ሆነ በቀበሌው አዳራሽ ተነገረን። የተጠራነው በመንገድ ላይ የሚጠጡ ሰዎች ቤተሰቦች ነበርን። ገብቼ ዙሪያዬን ስቃኝ እናት፣ ሚስት ወይም እህት ያልሆነ አልነበረም፤ መድረኩ ላይ የተሰየመው አማካሪ ምክር ቤት ደግሞ ወንድ ብቻ ነበር። ሳጅኑ ሕፃናት ትምህርት ቤት ሲሄዱ ስለሚሰሙት ስድብ፣ ስለ ግድግዳው ሽንት፣ በገበያ ቀን ስለሚነሣው ጠብ ተናገረ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ከዚያ የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ተነሥተው መፍትሔውን አቀረቡ።

«ማሰር አላዋጣም። ዱላም አላዋጣም። ሁሉም የራሱን ይሰብስብ!»

ተጨበጨበ። ከኋላዬ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ተነሣች።

«እሺ፣ ልሰብስበው። የት ላስቀምጠው?»

«እቤትሽ ነዋ።»

«ቤቴ አንድ ክፍል ናት። ልጆቼ የሚያጠኑት እሱ ውጭ ሲሆን ነው።»

«በሂደት ይስተካከላል፣ እናቴ።»

«እንግዲያው በሂደት እርስዎ ቤት ያኑሩልኛ!»

አዳራሹ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳቁ። እኔም እጄን አውጥቼ ቤት ውስጥ ሲጠጣ ማን ያየዋል ብዬ ጠየቅሁ። ሳጅኑ ጥያቄዬን የቁጥጥር ጉዳይ አድርጎ ተረዳውና በአክብሮት መለሰልኝ፤ «እርስዎ ያዩታላ፣ ዶክተር።» ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወንድሜን ሄጄ አመጣሁት። አላስቸገረኝም። «ዶክተርዬ፣ ታሰርኩ ወይስ ተሾምኩ?» አለኝና ተከተለኝ። የጓሮውን ክፍል ሰጠሁት። ቤቱ የእናታችን ነበር፤ እሷም ጴንጤ ነበረች፤ በሕይወት ሳለች እዚያ ቤት ጠላ እንኳ አልገባም። አሁን አረቄ በውኃ ላስቲክ ተሞልቶ፣ በኮት ውስጥ ተደብቆ ይገባ ጀመር። በር ላይ ፈትሼ ነጥቄዋለሁ፤ በማግስቱ በሌላ ኮት ይገባል። ከዚያ በኋላ መፈተሽ ተውሁ፤ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው ኪስ መበርበር ለእኔም ለእሱም ውርደት ነበር።

ጎዳና ላይ ሲያወራ የሚውል ሰው ቤት ውስጥ ዝም አለ። እንደ ቀድሞው የሚጠብቀው ተራ አልነበረም፤ ጠርሙሱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነበር፤ የሚያወራውም ሰው አልነበረም። ቀድሞ እስኪመሽ ይወስድበት የነበረውን ስካር አሁን ከምሳ በፊት ይጨርሰው ጀመር። ይህን የተረዳሁት ቀስ ብዬ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የማስተምር ሰው እቤቱ የሚሆነውን የሚያውቀው ማታ ነው።

አንድ ቀን ከክፍል ስመለስ መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሮ አገኘሁት። ቅንድቡ ተሰንጥቆ ደሙ ጆሮው ሥር ረግቷል። ይተነፍሳል። ጤና ጣቢያ ቁስሉን የሰፋችው ነርስ «እንዲህ ተኝቶ ቢያስመልሰው ኖሮ፣ እትዬ…» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ያላለቀውን ዓረፍተ ነገር እኔ ቤቴ ስደርስ ጨረስሁት። ከዚያ ቀን በኋላ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ከፍቼ ሞቶ እንዳላገኘው።

በዚያው ሰሞን ጎዳናችን ሞዴል ተባለ። ድንጋዮቹ ተነሡ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ቀለም በተቀባ አሮጌ ጎማ ውስጥ አበባ ተተከለ። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከአዲስ ዓለም ሳይቀር ለልምድ ልውውጥ እንግዶች መጡ። የሌሉ ሰዎችን ለማየት በሁለት ሚኒባስ መጥተው፣ ግድግዳው ፊት ፎቶ ተነሥተው፣ ምሳ በልተው ሄዱ።

ከእንግዶቹ በኋላ ወደ እኔ የመጡት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ግድግዳው ሥር ከወንድሜ ጎን ይቀመጡ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ፤ ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ።

«አዴ ዶክተር፣ ነጋ ኬቲ?»

«ደኅና ነኝ። እርስዎስ?»

«እኛ ጉደር ገብተናል። ጉደር ገና አልሠለጠነም፤ ድንጋዩን አላነሡም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መውደቁን ሰማን። ልጄ፣ እሱን ስጭን። ጠዋት በሚኒባስ እወስደዋለሁ፤ ሳይመሽ እመልስልሻለሁ። እኛ ጋ የተኛ ሰው በጎኑ ነው የሚተኛው፤ ኮት ጠቅልለን ከጀርባው እንወትፍለታለን፣ እንዳይገለበጥ። ሠላሳ ዓመት ሰው አድርሻለሁ፤ አንድም ሰው አልጣልኩም።»

«ጠጥተው ነው ያደረሱት?»

«ስነዳ አልጠጣም ነበር። አሁን ስጠጣ ደግሞ አልነዳም።»

ወንድሜ ሄዶ እንዲሰክር የመሳፈሪያውን እኔው እንድከፍል ነበር የተጠየቅሁት። ሥነ ልቦና የሚያስተምር ባልደረባዬ ይህን የሚያደርግ ዘመድ በሙያው «ሱስ አጋዥ» እንደሚባል ነገረኝ። ስሙን አስቀድሜም አውቀው ነበር። ስሙ ግን ሰውን በጎኑ አያስተኛም። ከፈልሁ።

ክረምቱ እስኪወጣ ጠዋት ሄዶ ማታ ሲመለስ ከረመ። እራት መብላት ጀመረ። እየበላ ያወራልኝ ነበር፤ የጉደር ድንጋይ ከአምቦው እንደሚቀዘቅዝ፣ ሾፌሩ በተራ እንደሚያጭበረብሩ፣ የሃይድሮጅንን ነገር ለአንድ እንጨት ፈላጭ አስረድቶት ሰውየው «ታዲያ ማን ያየዋል?» እንዳለው። አልተሻለውም፤ ይህን ልብ ይሏል። ሰክሮ ይመጣ ነበር፤ ግን በእግሩ ይመጣ ነበር።

መስከረም ላይ ሳጅኑን መንገድ ላይ አገኘሁት። ፊቱ በርቷል።

«ዶክተር፣ ጉደር የእኛን ልምድ ወስዶ ተግባራዊ አደረገ!»

«እንኳን ደስ ያለህ» አልሁት። እንደ ቀልድ ይቁጠረው አይቁጠረው አላውቅም፤ አመሰገነኝ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ደጄ ላይ ቆመው ነበር፤ ወንድሜ፣ ሾፌሩና ከጉደር የተመለሱት ሌሎቹ።

«እዚያም ሁሉም የራሱን ይሰብስብ ሆነ» አሉ ሾፌሩ። «የአምቦን ሰው አምቦ ይሰብስብ ብለው በሚኒባስ ጫኑን። ሒሳቡንም እነሱው ከፈሉ፤ እንዲህ ያለ ፖሊስ አይቼ አላውቅም።»

«ጊንጪ እንሞክራለና» አለ አንዱ።

«ጊንጪ እኔ አልሄድም» አለ ወንድሜ። «እዚያ ያለ ፖሊስ ሁሉ ተማሪዬ ነው። ‹ቲቸር፣ ይነሡ› ሲለኝ መስማት አልፈልግም።»

ሌላ የሚሄዱበት አልነበረም። የቀረው የጓሮው ክፍል ነበር፤ መዝጊያውና የመታጠቢያ ቤቱ ወለል። ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረኝ።

«ግቡ» አልኳቸው።

አግዳሚ ወንበር አውጥቼ ዛፉ ሥር አስቀመጥሁላቸው። «ዘፈን የለም። ሽንት ቤቱ ያውላችሁ፤ ግድግዳዬን አትንኩ። ሲመሽ ትሄዳላችሁ። አረቄ እኔ አልገዛም።»

«ከቀበሌው ደንብ ይከብዳል» አሉ ሾፌሩ፤ ተቀመጡ።

ጎረቤቶቼ ዶክተሯ አረቄ ቤት ከፈተች አሉ። ከእናቴ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ስለ ምስክርነቴ መከሩኝ። ሁለት ሰዎች ስለሆናችሁ ሁለቱን ወስዳችሁ ቤታችሁ አስቀምጡልኝ አልኳቸው። እንጸልይበታለን ብለው ሄዱ። ነገሩን ደግነት የሚሉትም አሉ፤ አይደለም። እነዚያን ሰዎች አልወዳቸውም፤ ሽታቸውን አልወደውም፤ የወንድሜንም ሽታ አልወደውም። ሥራ ውዬ ስመለስ በሩን ያለ ፍርሃት መክፈት ፈልጌ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ምንም አልፈለግሁም። ወንድሜ ዛሬም በሕይወት አለ። ይህ የእኔ ብልኃት ስለ መሆኑ ማስረጃ የለኝም።

በዚያው ወር ሳጅኑ ለተለመደው የቤት ለቤት ጉብኝቱ መጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ መለኪያዋ ደግሞ ሾፌሩ እጅ ላይ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ፤ አንዱ ጠርሙሱን ከኋላው ደበቀ። ሳጅኑ ደፉ ላይ ቆሞ አንድ በአንድ አያቸው። ወንድሜ ጋ ሲደርስ ዓይኑ የቅንድቡ ጠባሳ ላይ ቆየ።

«መምህር፣ ደኅና ነዎት?»

«አለሁ» አለ ወንድሜ።

ጫማውን አላወለቀም። ወደ ግራም ወደ ቀኝም መንገዱን ተመለከተና «ዶክተር፣ ከውጭ ይታያል» አለኝ፤ በጣም በዝግታ።

«ምኑ?»

ሳጅኑ የብረት በሩን በእጁ ስቦ ከውጭ ዘጋው። ሲራመድ ጥቂት ተሰማኝ፤ ከዚያ ተቋረጠ።

ሰዎቹ ተቀመጡና በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ። «ቤት ውስጥ ናችሁ፤ አትንሾካሾኩ» አልኳቸው። ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ፤ ወዲያው ረስተው እንደገና ዝቅ አሉ። እኔም ወደ ፈተና ወረቀቶቼ ተመለስሁ።