ሁለት ግራ እጅጌ

ወፍራም ጨርቅ በትልቅ መቀስ ሲቆረጥ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ከብት ድርቆሽ ሲያኝክ ይመስላል። ትናንት ከሰዓት እዚህ ሳሊተ ምሕረት፣ ልጄ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክካ ጸጉራም የብርድ ልብስ ጨርቅ ስትቆርጥ ያንን ድምፅ ሰማሁት። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው በበጎ ፈቃድ፣ ክረምቱን በላስቲክ ቤት ለሚያሳልፉ ሰዎች ኮት ይሰፋሉ። "ሰብሳቢያችን ሰው ፊት አዋረደችኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላለችም። ዝምታዋን ፈራሁት፤ የኔን ዝምታ አውቀዋለሁና።

ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ ወሎ ሰፈር በአንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ቦሌ አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ ቤት ልብስ ታጥባለች። ሴትዮዋ የሰፈሩን ሴቶች አሰባስባ፣ ራሷን ሰብሳቢ አድርጋ፣ ለሃያ ችግረኞች ሃያ የክረምት ኮት ማሰፋት ጀመረች። እናቴም ከሃያዎቹ አንዷ ነበረች፤ ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ተጽፏል። ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስለሚውሉ፣ ሐምሌ ሲገባ እጆቿ እስከ ክርን ድረስ ይደነዝዙባት ነበር። ያ ኮት ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሚሰፋው በሴትዮዋ ጋራዥ ውስጥ ነው። የስፌት መኪና ዘይትና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ፣ በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ በአንዲት መስኮት የሚገባው ዳመናማ ብርሃን እስካሁን አይጠፋኝም። እኔ ወለል እጠርጋለሁ፣ ዓይናቸው ለደከመ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ከሰፊዎቹ አንዷ "ጥለሽው ነይ" ብላኝ ቁርጥራጩን በፌስታል ይዤ ስወጣ ሰብሳቢዋ በሩ ላይ ያዘችኝ።

"ቆይ እስቲ! ምንድን ነው እሱ?" ፌስታሉን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። "አያችሁልኝ? የአጣቢ ልጅ! ለድሃ ከመጣው ላይ ትሰርቃለች!"

"ጣዪው ተብዬ ነው" አልኩ። ጣዪው ያለችኝ ሴት አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጠለች።

እናቴ ጩኸቱን ሰምታ ከጓሮ ሮጣ መጣች፤ እጇ ላይ አረፋው ገና አልወረደም። ምን ተፈጠረ ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ጎንበስ አለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ልጅ ናት።"

ስድቡን እችለው ነበር። የናቴን ጎንበስ ማለት ግን አልቻልኩትም። ልበቀላት በልቤ ማልኩ።

በማግስቱ እጅጌ ሊቆረጥ ሆነ። ሰብሳቢዋ መቀሱን ለማንም አታስነካም። ጨርቁን ደራርባ፣ ጸጉራሙን ፊት ሁሉ ወደ ላይ አድርጋ፣ አንድ የካርቶን ልክ አስቀምጣ መቁረጥ ጀመረች። አባቴ በሕይወቱ ሳለ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። "እጅጌ ስትቆርጪ ጨርቁን ፊት ለፊት አሳስሚው፤ አለዚያ ሁለቱም ለአንድ ወገን ይወጣብሻል" ይለኝ ነበር። እሷ አላሳሳመችውም። ሁሉም ግራ እጅጌ ሊሆን ነው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ፣ ቁረጪ አልኩ በሆዴ። ቁረጪ እትዬ፣ በርቺ።

ልጄም አንድ ነገር አይታ ዝም ብላ እንደሆነስ? ልጠይቃት እልና አፌ ላይ ሲደርስ ይመለስብኛል።

እጅጌው ከኮቱ ጋር የተገጠመው በሳምንቱ፣ ኮቱ ሊታደል አንድ ቀን ሲቀረው ነው። አንዲት ቀልደኛ ሴት የመጀመሪያውን ለበሰችና እጇን ዘረጋች።

"እንዴ! ይሄ ሁለት ግራ እጅ ላለው ሰው ነው እንዴ የተሰፋው?"

"ያንቺ እጅ ነው ጠማማ!" አለቻት ሰብሳቢዋ። ሳቁ ጋራዡን ሞላው። ሁለተኛውን ለኩ፤ ሦስተኛውን ለኩ። ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ።

"ቀኝ ቀኙን ጸጉሩን ወደ ውስጥ ገልብጠን ብንሰፋውስ?" አለች አንዷ።

"ነገ እንግዶች እየመጡ ግልብጥ ልናለብስ?" ሰብሳቢዋ ፊቷ በርበሬ መሰለ። አቤት ደስታዬ! ያ ፊቷ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም አንጀቴ ይርሳል። የንስሐ አባቴ "ይቅር በያት" ይሉኛል። አላልኳትም።

በቀረው ጨርቅ እንደ አዲስ ቀኝ እጅጌ ተቆረጠ። ለአሥራ ዘጠኝ ኮት ብቻ በቃ።

"አንዱስ?" ብለው ጠየቋት።

ሰብሳቢዋ ዝርዝሩን እንኳ አላየችም። "የዝርዝሩ የመጨረሻዋ አጣቢያችን አይደለች? ግራውንም ፍቱትና ሰደርያ ይሁናት። እሷ የቤት ሰው ናት፣ አትቀየመንም።"

ያን ጊዜም አፌ አልተከፈተም።

ቅዳሜ ኮቱ ታደለ። እናቴ እጅጌ የሌለውን ተቀብላ፣ እጅ ነስታ፣ እዚያው ለበሰችው። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ በረታብንና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን። መንገዱን እያየች፣

"አባትሽ እጅጌ ሲቆርጥ ከአጠገቡ ትጠፊ ነበር እንዴ?" አለችኝ።

ከዚያ ሳቅ አለች።

"ደግሞስ ለአጣቢ እጅጌ ምን ያደርግላታል? ስትሰበስበው ልትውል?"

እጆቿን ስቤ ብብቴ ሥር ከተትኳቸው። ዝናቡ አባራ፤ ሰው ከየጥጉ ወጥቶ መንገዱን ቀጠለ። እኛ ግን አልተነሣንም። እጆቿ ገና አልሞቁም ነበር።