እማማ ዘሃራና የስዊድኑ ክለብ

ሮቤ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለማስተማር ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዛኋትን ሰማያዊ ማሊያ ለብሼ ወደ ዲንሾ እየሄድኩ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ዘሃራ የሚባሉ የእህል ነጋዴ አርማውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«የስዊድኑ ክለብ ደጋፊ ነህ እንዴ ልጄ?»

የማን ማሊያ እንደለበስኩ ያወቅሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ደስታቸውን ላለማበላሸት ብዬ ግን «አዎ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ» አልኳቸው።

ምነው ባላልኩ! እማማ ክለቡ በአውሮፓ ውድድር ያደረገውን ጨዋታ ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ጣሊያኖቹን በሜዳቸው አቻ ይዞ፣ በመልሱ ጨዋታ ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ገብቶበት መውደቁን ሲተርኩ ተሳፋሪው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል።

«በረኛው ዝም ብሎ ባይወጣ አናልፍም ነበር?» አሉኝ።

«በደንብ ነዋ!» አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ።

«አልሐምዱሊላህ! ዛሬ የሚገባው ሰው አገኘሁ» ብለው ስዊድን ለሚኖረው ልጃቸው በቪዲዮ ደወሉ። በኦሮምኛ አንድ ሁለት ነገር አሉትና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ። አሁን ጉዴ ፈላ ብዬ፣ እሱ ሳይጠይቀኝ ፈጥኜ ጠየቅሁት።

«ይህን ሁሉ ኳስ ያስተማርካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ?» አለ እየሳቀ። «እኔ እኮ ኳስ አልወድም። በዚህ በረዶ ስታዲየም ገብቼ፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስልክ ደግኜ የምቆመው እሷ እንድታይ ነው።»