ልጄን ከሰማይ አውርድልኝ ያልሁበት ስለት

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። ዕለቱ የኅዳር ሚካኤል ነበር። ያን ቀን በሰው ፊት አፍሬአለሁ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ዕረፍት አጥቻለሁ። ዛሬ ስላለፈው ሁሉ አመሰግናለሁ። ለሌላ እናት ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍሁት።

የምኖረው ፀዳ ነው። የአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርባችን ስለሆነ የሚያርፈውም የሚነሣውም በጣራችን ላይ ያልፋል። ጎረቤቶቼ ለምደውታል፤ ድምፁን አይሰሙትም። እኔ ግን ልጄ አብራሪ ከሆነ ጀምሮ ለምጄው አላውቅም።

ልጄ ማስረሻ ይባላል። ከእሱ በፊት አንዲት ልጅ ሞታብኝ ነበርና እሷን እንዲያስረሳኝ ያወጣሁለት ስም ነው። አባቱ በልጅነቱ አረፈ። ከእሱ ሌላ የለኝም።

ፊዚክስ ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ለአብራሪነት ተፈትኖ አለፈ። ሰፈሩ በሙሉ እልል አለልኝ። እኔም አብሬ እልል አልሁ። የመጀመሪያ በረራው ዕለት ግን ሚካኤል ደጅ ቆሜ፣ “ልጄን ከሰማይ በሰላም አውርደህ ምድር ላይ ሥራ ከሰጠኸው ጃንጥላ አስገባልሃለሁ” ብዬ ተሳልሁ። ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኋቸውም።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከተቀመጥሁበት እነሣለሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ “አባታችን ሆይ” እደግማለሁ። እሱ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ያኔ አስተማሪ ነበርሁ። ጠመኔ ይዤ በድንገት ዝም ስል ተማሪዎቼ፣ “እትዬ፣ መጣ?” ይሉኝ ነበር።

አንዳንድ ቀን በእርግጥም እሱ ያመጣዋል። “እማዬ፣ አዘዞ ነኝ፣ ሃያ ደቂቃ አለኝ” ብሎ ይደውላል። ከቤቴ እስከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ግን በሃያ ደቂቃ ደርሼ አላየውም። “ሸጋ ነው ልጄ፣ በርታ” እለዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሁት ይህንኑ ነው።

በሰባተኛው ዓመት ለሚካኤል ፈቃድ ወስዶ መጣ። ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ደጅ ወጥቶ ይመለሳል። በዋዜማው ምሳ በልተን ሳንነሣ ነገረኝ። አብሮት የተማረ ጓደኛው እዚህ በዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ ያስተምራል። ፊዚክስ የሚያስተምር ይፈለጋልና ና ብሎታል።

“መብረሩ ሰለቸህ?” አልሁት።

“አልሰለቸኝም፣ እወደዋለሁ። ልጄ ናት የቸገረችኝ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የምታየው ሻንጣዬን ነው። በር ላይ ቆሞ ካየችው አትጠጋኝም። ባለፈው ላዩ ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች።”

ወደ ሻንጣው እያመለከተ፣ “የመልቀቂያ ደብዳቤውን ጽፌዋለሁ፤ አዲስ አበባ ስመለስ አስገባዋለሁ። ምን ትያለሽ?” አለኝ።

ልቤ ዘለለ። አፌ ግን፣ “አንተ ታውቃለህ ልጄ” አለ።

ደስታዬን መያዝ አልቻልሁም። ነጠላዬን ደርቤ በታክሲ ከተማው መሐል ፒያሳ ሄድሁና ንዋየ ቅድሳት ከሚሸጥበት ሱቅ ቀይ ጃንጥላ ገዛሁ። ዘርፉ ወርቃማ ነው። ቤት ስደርስ በጋቢ ጠቅልዬ ከቁም ሣጥኑ ኋላ አቆምሁት። ደብዳቤው እኮ ገና ከሻንጣው ኪስ አልወጣም ነበር። የቸኮልሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጧት ከልጄ ቀድሜ ሄድሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስለት የሚመዘግቡትም ለሕዝቡ የሚያነቡትም አያ ካሴ ናቸው። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ማይክ ከያዙ ግን አይለቁም።

“ስም?” አሉኝ።

“ወለተ ሚካኤል” አልሁ። የክርስትና ስሜ ነው። በዚያ ስም ማንም አያውቀኝም ብዬ ነው።

“ምን ተደርጎልሽ ነው?”

እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ መዋሸት አልቻልሁም። ነገርኋቸው። “ግን አያ ካሴ፣ ምክንያቱን አያንሡብኝ” አልኋቸው።

“ምነው? ተአምር ይደበቃል እንዴ?” አሉና ጻፉት።

ታቦቱ ወጥቶ ከቆመ በኋላ ስለት መነበብ ጀመረ። አንዱ ዕጣን፣ አንዷ መጋረጃ፣ አንዱ ምንጣፍ። ልጄ በወንዶቹ በኩል ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል።

“እኅታችን ወለተ ሚካኤል፣ አንድ ጃንጥላ!” አሉ አያ ካሴ። አንገቴን ደፋሁ። በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር።

“ወለተ ሚካኤል ማን ናት እንዳትሉ፣ የፓይለቱ የማስረሻ እናት ናት! ሰባት ዓመት ሙሉ ‘ልጄን ከሰማይ አውርድልኝ፣ ምድር ላይ ሥራ ስጥልኝ’ ስትለው ኖራ፣ ይኸው ሰምቷት ልጇ ሥራውን ሊተውላት ነው! እልል በሉ!”

እልልታው ቀለጠ። ሳቅም ተከተለ። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ እቴነሽ በክርኗ ጎሰመችኝ።

“አንቺ ጉደኛ! የእኔ ልጅ ዲግሪውን ይዞ አራት ዓመት ምድር ላይ ተቀምጧል። የአንቺን ካወረደው ቦታው ክፍት ነውና የእኔን ያውጣልኝ እንጂ!”

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ልጄን ፈለግሁ። እያየኝ ነበር። እሱ አልሳቀም።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊት ከፊቴ ይራመዳል። በር ላይ ደርሶ ዞረ።

“ሰባት ዓመት?” አለኝ።

“ሰባት ዓመት።”

“ሸጋ ነው፣ በርታ ስትይኝ?”

“ምን ልበልህ? ፈራሁ ብልህ እጅህ አይንቀጠቀጥም?”

ገብቶ ተቀመጠ፤ ወዲያው ተነሣ። “እማዬ፣ ሦስት ወር እንቅልፍ አጥቼ የወሰንኩት እኔ መስሎኝ ነበር። አሁን የእኔ ሐሳብ ይሁን የአንቺ ስለት በምን አውቃለሁ?”

ደብዳቤውን ከሻንጣው ኪስ አወጣው፤ አየውና መልሶ ከተተው። በማግሥቱ ሄደ። አስገባዋለሁም፣ አላስገባውምም አላለኝም።

ያን ሰሞን የሆንሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። አውሮፕላን ሲያልፍ እነሣለሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። አውርደው እንዳልል ፈቃዱን መስረቅ ሆነብኝ። ተወው እንዳልል ፈራሁ። ዝም ብዬ እቆማለሁ። ቁጭ እላለሁ፣ ሥራ እጀምራለሁ፣ እተወዋለሁ። ስልኩን አነሣና አስቀምጠዋለሁ።

በመጨረሻ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናገርሁ። ሰምተው ሲጨርሱ፣ “ጃንጥላው የማን ነበር?” አሉኝ።

“የእኔ።”

“ሰጠሽ፤ ሸጋ። የልጅሽ ፈቃድስ የማን ነው?”

“የራሱ ነው፣ አባቴ።”

“ታዲያ የሰውን ነገር እንዴት አድርገሽ ትሳያለሽ?”

ብዙ አልተቆጡኝም። ስግደት ሰጡኝና፣ “ይህንኑ ለልጅሽ ንገሪው” አሉኝ።

የዚያኑ ዕለት ደወልሁለት። “ማስረሻ፣ ጸሎቴን ለውጫለሁ። ያለበት ቦታ ጠብቅልኝ ብቻ ነው የምለው። ብትበርም ባትበርም ልጄ ነህ። ከእንግዲህ ስፈራም ፈራሁ እልሃለሁ።”

“እሺ እማዬ” አለ። ቀጥሎም፣ “ዛሬስ ፈርተሻል?” አለኝ።

“አዎ። ነፋስ አለ።”

ሳቀ። “ነፋሱን እኛም አይተነዋል፣ አታስቢ።”

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከአራት ወር በረረ። አዘዞ ሲያርፍ እንደ ድሮው ይደውላል፤ ሃያ ደቂቃዋን ግን እውነት እንነጋገርባት ጀመር። ዛሬ ሌሊቱን ሳልተኛ ነው የመጣሁት ይለኛል። ወይም፣ ተራሮቹ ከላይ ሲታዩ እንዴት ያምሩ መሰለሽ ይለኛል። ይህን ድሮ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጠይቄው አላውቅም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ደወለ። “እማዬ፣ ደብዳቤውን አስገባሁ።”

ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ።

“የተሳልሽው ነገር አለ?”

“ምንም የለም።”

“ለአያ ካሴስ የነገርሽው?”

“አንድም ቃል።”

“እንግዲያው የራሴ ነው” አለ። ድምፁ የሚስቅም የሚያለቅስም ይመስል ነበር።

ዛሬ ማራኪ ግቢ ያስተምራል። እዚያው ቤት ተከራይቶ ሚስቱንና ልጁን አምጥቷል። እሑድ እሑድ እኔ ጋ ናቸው። ያን ዓመት ለሚካኤል ስንገናኝ አያ ካሴ፣ “ስለትሽ የሰመረው ገና አሁን ነው፤ እንደገና እንናገረው እንጂ” አሉኝ። “ይብቃዎት አያ ካሴ” አልኋቸው።

ምሳ ላይ ሆነን አውሮፕላን ሲያልፍ የልጄ እጅ ከገበታው ላይ ይቆማል። “ዛሬ አርፍዷል” ይላል፣ ከዚያ ይጎርሳል። አንድ ቀን፣ “ይናፍቅሃል?” አልሁት። “አዎ” አለኝ። “ይቆጭሃል?” አልሁት። “አይቆጨኝም” አለ። ሁለቱንም አመንሁት። እውነቱን ስለሚነግረኝ አምላኬን አመሰግናለሁ።

እኔ አሁንም ድምፁን ስሰማ ከገበታው እነሣለሁ። የልጅ ልጄ፣ “አያቴ፣ አባዬ እኮ እዚህ ነው” ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እዚህ ነው። ላይ ያለው ግን የሌላ እናት ልጅ ነው። እሷ ከዚህ ሩቅ ናትና ድምፁን አትሰማውም።