ያላሰርኩት ማሰሪያ

«ላብራቶሪ ውስጥ መጀመሪያ የሚማሩት ማሰሪያ ማሰርን ነው እኮ!» አሉ ጋሼ መስፍን ጠረጴዛውን በጣታቸው እየመቱ።

«እኔ የማውቀው ያየሁትን ነው» አለች አለቃዬ ሊንዳ። «ከእናንተ የወጣ ልጅ ያለ እጅ ማሰሪያ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ሲነካ ከረመ። ብጠይቀው ማንም አላሳየኝም አለኝ።»

ልጁ እኔ ነኝ። ከሊንዳ ጎን ተቀምጬ የውሃ ጠርሙስ ክዳን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ያለነው ኦክላንድ፣ ኤሌክትሮኒክስ የተማርኩበት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በየዓመቱ ቀጣሪዎችን ጠርቶ «ተማሪዎቻችን ሥራ ላይ ምን ይጎድላቸዋል?» ይላል። የዚያ ዓመት ጥያቄ ከበድ ያለ ነበር፤ ጋሼ መስፍን የሚያስተምሩት የላብራቶሪ ትምህርት ይቀጥል ወይስ በኦንላይን ትምህርት ይተካ? ሊንዳ የኮሚቴው አባል ናት። እኔን «የቀድሞ ተማሪ ስለሆንክ ትጠቅመናለህ» ብላ ነው ይዛኝ የመጣችው።

ሳን ሆዜ ሥራ የጀመርኩ ቀን ሊንዳ ሦስት ነገር ሰጠችኝ፤ ሰማያዊ ጋውን፣ ባጅ እና የእጅ ማሰሪያ። ማሰሪያው ሰውነት ላይ የተጠራቀመውን ስታቲክ፣ ቦርድ የሚያበላሸውን ኤሌክትሪክ፣ በገመድ ወደ መሬት ያወርዳል። ጠዋት ጠዋት ማሰሪያውን አስረህ መፈተሻው ላይ ጣትህን ትጫናለህ፤ አረንጓዴ ሲበራ መዝገቡ ላይ ትፈርማለህ፤ ከዚያ ገመዱን የሥራ ጠረጴዛህ ላይ ትሰካለህ። ያልታሰረ እጅ ቦርድ አይነካም።

ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። ጋሼ መስፍን ላብራቶሪ ስንገባ እንደምን አደራችሁ ከማለታቸው በፊት «ታስራችኋል?» ይሉናል። አንዱ ልጅ «ገና አልተፈረደብኝም ጋሼ» ብሎ አስቆናል። እሳቸው አልሳቁም። እስኪያስር ድረስ አጠገቡ ቆመው ጠበቁት።

እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። ሥራ ስጀምርም ግጥም እሞክር ነበር። ከሠፈሬ ከፍሩትቬል ወደ ሥራ በባቡር ስመጣ ጫፉን የያዝኩት ስንኝ፣ ቦርድ ላይ እንዳጎነበስኩ ይሞላልኛል። ስልክና ደብተር ሎከር ውስጥ ነው። ገመዱን ነቅዬ እሮጣለሁ፣ ጽፌ እመለሳለሁ፣ መልሼ አልሰካም። በሁለተኛው ወር ማሰሩን ጭራሽ ተውኩት። መዝገቡ ላይ ግን በየጠዋቱ እፈርማለሁ።

የስታቲክ ክፋቱ ወዲያው አለመታየቱ ነው። ቦርዱ የእኛን ፍተሻ ያልፋል፤ የሚሞተው ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ነው። የእኔዎቹ አሥራ አንድ ሆነው ተመለሱ። ሊንዳ ጠረጴዛዬ ጋ ስትመጣ ማሰሪያው መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር።

«ትምህርት ቤት አላስተማሩህም?» አለችኝ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«አላስተማሩኝም።»

«ታዲያ በየቀኑ የምትፈርመው ምንድን ነው?»

«ሌሎቹ ሲፈርሙ አይቼ ነው።»

ፊቷ ለሰለሰ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አለችና በራሷ እጅ አስራ አሳየችኝ። እኔም እንደ አዲስ ነገር እየተመለከትኩ ራሴን ነቀነቅኩ። «በቀኝ ነው በግራ?» ብዬም ጠየቅኳት። ከውሸቱ ሁሉ ይህቺ ጥያቄ ነች ዛሬም ብቻዬን ስሆን ፊቴን የምታስሸፍነኝ።

ሥራዬ ተረፈ። ከአራት ዓመት በኋላ አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔው ሆንኩ። ሊንዳ ያልኳትን አልረሳችም፤ ይኸው ኮሚቴው ፊት ደገመችው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ እዚህ ተምረሃል። ማሰሪያ ማሰር ትማሩ ነበር?»

ጋሼ መስፍን ከፎልደራቸው አንድ ቢጫ ወረቀት እስከ ግማሹ አውጥተዋል። አወቅኩት። የተግባር ፈተናዬ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ማሰሪያውን ፈትሾ አሰረ» ይላል፤ ጎኑ ላይ የእሳቸው ምልክት፣ ከሥሩ የእኔ ፊርማ። ሊንዳ ፊርማዬን ከሩቅ ትለየዋለች።

«ብዙ ጊዜ ሆነው» አልኩ። «በደንብ አላስታውስም።»

ጋሼ መስፍን አዩኝ። አሁን ወረቀቱን አውጥተው ያሳያሉ ብዬ ጠበቅኩ። መልሰው ከተቱትና ፎልደሩን ዘጉ። ባዕድ ፊት ያስተማሩትን ልጅ ማዋረድ አልሆነላቸውም መሰለኝ። ሌላ ማስረጃ አልነበራቸውም። ሰብሳቢው እጅ አስወጣ፤ ላብራቶሪው እንዲዘጋ ተወሰነ።

አሁን ለአዲስ ገቢዎች ስለ ማሰሪያው አስረድቼ ስጨርስ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ቦርድ ካበላሻችሁ በዚያው ቀን «እኔ ነኝ» በሉ። ብትባረሩም ሌላ ሥራ ይገኛል። የበደላችሁት ሰው ግን ፊት ለፊታችሁ ከተቀመጠ በኋላ አፋችሁ እንደሚታዘዝላችሁ አትተማመኑ። የእኔ አልታዘዘኝም።

የዚያን ቀን ስብሰባው ሲያበቃ ጋሼ መስፍን ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና በአማርኛ፦

«እናትህ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሰላም በልልኝ።»

ሊንዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ምን አሉህ?» አለችኝ። እሳቸው ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ቀስ ብሎ ተዘጋ።